ጠላፊው አፍቃሪ የሚሆነው እንዴት ነው?

ታሪኩን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ያውቀዋል። መልከ መልካም የሀብታም ልጅ አለ። ወንድሙ ሞቶበታል፤ ለሞቱ ምክንያት አንዲት ልጅ ናት ብሎ አምኗል። አፍኖ በመኪና ይወስዳትና ሰው የማይደርስበት ቤት ይዘጋባታል። ይጮህባታል፣ በጥፊ ይላታል፣ አንድ ምሽት ክፍሏ ገብቶ በሩን ይቆልፋል። እሷ ትጮኻለች። ካሜራው ዞር ብሎ መስኮቱን የሚመታውን ዝናብ ያሳየናል፤ ሙዚቃው ይለሰልሳል። ከዚያ ሃያ ክፍል ያህል አብረናቸው አልቅሰን ሠርጋቸውን እናያለን። በሩ ሲቆለፍ ያየነው ወንጀል ሠርጉ ላይ ስንደርስ የት ገባ?

በዚህ ነገር ስሟ ቶሎ የሚነሳው አገር ታይላንድ ናት። እዚያ ማታ ማታ የሚታየው ተከታታይ ድራማ ላኮርን ይባላል። ወንዱ ሴቲቱን በጥፊ መትቶ ወዲያው በጉልበት የሚስምበት ዓይነት ከመለመዱ የተነሳ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ፣ ሕዝቡ ‹‹ጥፊና ስሞሽ›› እንደማለት ያለ ስም አውጥቶለታል። እ.ኤ.አ. በ2008 በቻናል 3 የታዩ ሁለት ድራማዎች ጥሩ ማሳያ ናቸው። ‹‹ጃም ሎይ ራክ›› በተባለው፣ ሰውየው የወንድሙን ሞት ለመበቀል አንዲት ወጣት አፍኖ ደሴት ላይ ያስራታል፤ የያዛት ግን ሌላ ሴት ኖራለች። በ‹‹ሳዋን ቢያንግ›› ደግሞ ልጅቷን ይደፍራታል፣ ታረግዛለች፣ መጨረሻው ትዳር ነው። በጁላይ 2014 እ.ኤ.አ. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በሌሊት ባቡር ላይ ተደፍራ ከተገደለች በኋላ አገሩ ተናወጠ። ድራማዎቹም ላይ ጥያቄው በረታ፤ መድፈርን ፍቅር አስመስለው እንዳያቀርቡ የሚጠይቅ የሕዝብ ፊርማ ለስርጭት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት እስከመቅረብ ደረሰ።

እኛ ቤት ላኮርን እምብዛም አልገባም። የገባው የቱርኩ ነው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደ አማርኛ የተመለሱ የውጭ ድራማዎችን ከጠዋት እስከ ማታ አቀረበ፤ ገና በዋዜማው የአገራችን የፊልምና የቲያትር ባለሙያዎች ቅሬታቸውን አሰምተው ነበር። ክርክሩ በዋናነት ስለ ሁለት ነገር ነበር፣ ስለ ባህልና ስለ እንጀራ። ባህላችን ይበረዛል ተባለ፤ የአገር ውስጥ ተዋናይ ሥራ ያጣል ተባለ። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። እኔን የሚገርመኝ ግን ‹‹ባህላችን ይበረዛል›› ስንል፣ የተጠለፈች ሴት ጠላፊዋን የምታገባበት ታሪክ ከባሕር ማዶ የመጣብን አድርገን መናገራችን ነው። እሱን እኛም አሳምረን እናውቀዋለን።

ኮተቤ መንገድ ዳር ካሉት ፀጉር ቤቶች ወደ አንዱ ከሰዓት በኋላ ብትገቡ ነገሩን በቅርብ ታዩታላችሁ። ሦስት ሴቶች ካስክ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ አንዷ ሹሩባ ትሠራለች፣ ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥኑ በርቷል። ስክሪኑ ላይ ሰውየው ልጅቷን በክንዷ ጎትቶ መኪና ውስጥ ይከታታል።

‹‹እሰይ! አሁን ገና ወንድ ሆነ›› ትላለች አንዷ ከካስኩ ስር፣ ድምፁ ስለማይሰማት ጮክ ብላ።

‹‹እትዬ፣ እያለቀሰች እኮ ነው›› ትላለች ሹሩባ የምትሠራው ልጅ።

‹‹ትግደርደር እንጂ! ወዲያው እሺ ብትለው ይንቃታል።››

ልጅቷ ዝም አለች፤ እጇ ግን ሥራውን አላቋረጠም።

እዚህ አጭር ንግግር ውስጥ ሁሉም ነገር አለ። ጨዋ ሴት ‹‹እሺ›› ማለት የለባትም። ስለዚህ ‹‹እምቢ›› ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ አይታወቅም፤ ወይም ይታወቃል ተብሎ እንደ ‹‹እሺ›› ይቆጠራል። ወንዱ ደግሞ ሊፈተን የሚገባው እምቢታዋን በማክበር ሳይሆን በመስበር ነው። ለአንድ ሰው ‹‹እሺ›› የማለት መብት ከነፈጋችሁት ‹‹እምቢ›› የማለት መብቱንም አብራችሁ ወስዳችኋል።

የድራማ ደራሲዎች ይህን ቀድመው ያውቁታል። በእንዲህ ያሉ ድራማዎች ውስጥ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ሴቶች አሉ። አንዷ ወንዱን እንደምትፈልገው በግልጽ የምታሳይ፣ ቀይ ሊፕስቲክ የተቀባች፣ ክፉ ናት። ሌላዋ ምንም የማትፈልግ፣ ንጹሕ፣ ዓይኗን የማታነሳ ናት፤ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ እሷ ናት። ታዲያ ይህቺን ምንም የማትፈልግ ሴት ከወንዱ ጋር አንድ አልጋ ላይ እንዴት ማድረስ ይቻላል? ፈልጋ ከሄደች ክፉዋን መሰለች፣ ተመልካቹ ይጠላታል። ደራሲው መውጫ ያገኘው በጉልበት ነው። ተገዳ ስለሆነ ንጽሕናዋ አልተነካም፤ የፍቅር ታሪኩም አልተቋረጠም። ማለትም መደፈሯ እንደ ወንጀል ሳይሆን እንደ ይለፍ ወረቀት አገልግሏል።

ሁለተኛው ዘዴ ጸጸቱ ነው። ሰውየው በመጨረሻ ያለቅሳል፣ ይንበረከካል፣ ‹‹ይቅር በይኝ›› ይላል። ለምኑ ነው ይቅር የምትለው? አብዛኛውን ጊዜ የሚጸጸተው ልጅቷ እሱ ያሰባት ዓይነት ሴት አለመሆኗን ስለደረሰበት ነው። የወንድሙ ገዳይ አይደለችም፣ ገንዘብ ወዳድ አይደለችም፣ ከሌላ ወንድ ጋር አልነበረችም። ጸጸቱ ‹‹የማይገባትን ቀጣሁ›› የሚል ነው እንጂ ‹‹ሰው ደፈርኩ›› የሚል አይደለም። ይህን ገልብጣችሁ አስቡት፦ ልጅቷ በእርግጥም እሱ ያሰባት ብትሆን ኖሮ፣ በሩን መቆለፉ ልክ ነበር ማለት ነው። ድራማው ይህን በአፉ አይናገርም፤ ተመልካቹ ግን እያለቀሰ ይዞት ይሄዳል።

የቀረውን ሙዚቃውና ካሜራው ይጨርሱታል። አንድ ቀላል ሙከራ አለ። እንዲህ ያለ ትዕይንት ሲመጣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጥፉትና ዝም ብላችሁ እዩ። ቫዮሊኑ ሲጠፋ የሚቀረው አንድ ጉልበተኛ ሰው፣ አንዲት ለማምለጥ የምትታገል ሴትና የተዘጋ በር ነው።

መደፈርን የሚያሳይ ድራማ ሁሉ ግን ያቆላምጠዋል ማለት አይደለም። ቱርኮች ከ2010 እስከ 2012 እ.ኤ.አ. ያሳዩት፣ ቤሬን ሳት የተወነችበት ‹‹የፋትማጉል ጥፋት ምንድን ነው?›› የተባለው ድራማ አነጋጋሪ የሆነው ለዚህ ነው። በአንድ በኩል ልጅቷ በቡድን ከተደፈረች በኋላ ሰፈርና ዘመድ እንዴት እሷኑ እንደሚወነጅል፣ ሀብታሞቹ በገንዘባቸው እንዴት ለማምለጥ እንደሚሞክሩ፣ ፍርድ ቤት መሄድ ምን ያህል አቅም እንደሚጠይቅ ያሳያል። በሌላ በኩል በዚያች ሌሊት አብረው ከነበሩት አንዱን ታገባለች። እሱ ራሱ እጁን እንዳላነሳባት ታሪኩ ቀስ እያለ ይነግረናል፤ ቀስ እያለም እንድትወደው ያደርጋል። ልጅቷን ያገባት ነገሩ እንዲዳፈን ነው። ይህ የደራሲው ፈጠራ ብቻ አልነበረም፤ ቱርክ ውስጥ እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ድረስ ደፋሪው የደፈራትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት የሕግ አንቀጽ ነበር።

ወደ እኛው እንመለስ። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ጠለፋንም አስገድዶ መድፈርንም ወንጀል ይላቸው ነበር፤ ነገር ግን የተጠለፈችው ወይም የተደፈረችው ሴት ከፈጸመባት ሰው ጋር በሕግ የሚጸና ጋብቻ ከመሠረተች ክሱ ይቀራል ይል ነበር። በወረቀት ላይ ‹‹በፈቃዷ›› የሚል ቃል ነበረበት። መሬት ላይ ግን ፈቃዱ የሚጠየቀው ከእሷ አልነበረም። ልጅቷ ከትምህርት ቤት ወይም ከወንዝ መንገድ ላይ ትያዛለች፣ ራቅ ያለ ቤት ተወስዳ ትደፈራለች፣ በማግስቱ ሽማግሌ ወደ አባቷ ቤት ይላካል። ‹‹አንዴ ሆኗል›› ይባላል። ክብሯ ተነክቷል፣ ሌላ ማን ያገባታል፣ ደም ከሚፋሰስ ብንዋለድ ይሻላል። ካሳ ተቆርጦ፣ ሙክት ታርዶ፣ ወንጀሉ ሠርግ ይሆናል። የቴሌቪዥኑ ድራማ ሃያ ክፍል የሚፈጅበትን ሽማግሌዎቹ በአንድ ከሰዓት ጨርሰውታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። ‹‹ጠለፋ›› እየተባለ የሚወራው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት የተዋደዱ ልጆች ቤተሰብ እንዳይከለክላቸው ወይም የጥሎሽ ወጪ ለመሸሽ ተመካክረው ይኮበልላሉ፤ ለአባት ክብር ሲባል ‹‹ተጠለፈች›› ይባላል። እሱ ኩብለላ ነው። ችግሩ የአያቶቻችን ጨዋታ ሁለቱን እየቀላቀለ ማውራቱ ነው። ‹‹አያትሽን እኮ ጠልፌ ነው ያገባኋት›› ተብሎ በሳቅ ሲነገር አያትየዋ አንዳንዴ አብራ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ደግሞ ተነስታ ወደ ጓዳ ትገባለች። የጥንቱ ሠርግም ቢሆን ሙሽራዋ በመጀመሪያው ሌሊት አጥብቃ እንድትታገል ይጠበቅባት ነበር፤ መታገሏ የጨዋነቷ ምስክር፣ ማሸነፉ የወንድነቱ ምስክር፣ ብር አምባሩ ደግሞ የሁለቱ ቤተሰብ ኩራት። በእንዲህ ያለ ቤት ያደገ ሰው የታይላንዱንም ሆነ የቱርኩን ድራማ ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

የነገሩ መልክ የተቀየረው ቀስ በቀስ ነው፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ምዕራፍ ደግሞ አርሲ ውስጥ በ1980ዎቹ መጨረሻ የተፈጠረው ነው። አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ተጠለፈች፣ ተደፈረች፤ ልታመልጥ ስትሞክር ጠላፊዋ ሲከታተላት በራሱ ጠመንጃ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች። ለእሷ ጥብቅና የቆመው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሲሆን፣ ጉዳዩን የያዙት መዓዛ አሸናፊ ነበሩ፤ ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ማለት ነው። ልጅቷ ራሷን መከላከሏ ነው ተብሎ በነፃ ተሰናበተች። ከዚያ በኋላ የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ተሻሽሎ የጋብቻ ዕድሜ 18 ሆነ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ደግሞ ያንን የማምለጫ በር ዘጋው። በአንቀጽ 587 ጠለፋ ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፤ ከጠለፋው በኋላ ጋብቻ መፈጸሙም ከተጠያቂነት አያድንም። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 መሠረት ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው፤ ተበዳይዋ ከ13 እስከ 18 ዓመት ከሆነች እስከ 20 ይደርሳል። የሚገርመው ቱርኮችም ያንኑ አንቀጻቸውን የሰረዘው አዲስ ሕግ ሥራ ላይ የዋለው በዚያው ወቅት፣ ከእኛ በሦስት ሳምንት ገደማ ዘግይቶ ነው።

የልጅቷ ታሪክ ፊልምም ሆኗል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ‹‹ድፍረት›› በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት አገኘ፤ አንጀሊና ጆሊ ስሟን ሰጠችው። አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ሕዝብ በተሰበሰበበት ምሽት ግን በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አመልካቿ የታሪኩ ባለቤት ናት፤ ሕይወቴ ያለ ፈቃዴ ተሠራ ነው አቤቱታዋ። ፊልሙ በኋላ ታይቷል፤ ስለ ጠለፋ ከተሠሩትም ሐቀኛው ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ያለ ፈቃድ ስለመወሰድ የሚናገር ሥራ ራሱ ፈቃድ አልተጠየቅኩም ተብሎ ሲከሰስ፣ ጥያቄው ለፊልም ሠሪዎችም ጭምር መሆኑ ይታያል። የሴቶችን መከራ ለትዕይንት ስናውለው መጀመሪያ የምንጠይቀው ማንን ነው?

ስክሪኑ የሚያሳየውና መሬት ላይ ያለው ምን ያህል እንደሚራራቁ እንጦጦ ላይም ይታያል። በየካ በኩል ሽቅብ የሚወጣው የባሕር ዛፍ ደን ለስንት የዘፈን ክሊፕ፣ ለስንት የፍቅር ፊልም መቅረጫ ሆኗል፤ ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ከተከፈተ ወዲህ ደግሞ ሙሽሮች ተራ ይጠብቁበታል። ወንዱ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ይላል፣ ልጅቷ ደንግጣ ትሮጣለች፣ ይከተላታል፣ ይይዛታል፣ ትስቃለች። በዚያው ደን ውስጥ ግን ሌላ ዓይነት ሴቶችም ይሄዳሉ። ከሌሊቱ ተነስተው ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ በላይ ጀርባቸው ላይ አስረው፣ አጎንብሰው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮንና ወደ ቀበና የሚወርዱት እንጨት ተሸካሚዎች። ስለ እነሱ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተሠሩ ጥናቶች የሸክሙን ያህል የመንገዱን አደጋ ያነሳሉ፤ ከዘበኛ መደበቅ፣ መደብደብ፣ እንጨት መነጠቅ፣ መደፈር። እነሱ ብቻቸውን የማይሄዱት ለዚህ ነው። ከዛፍ ጀርባ ወንድ ብቅ ሲል የሚሰማቸውን ስሜት የሚያሳይ ክሊፕ እስካሁን አላየሁም።

ድራማ አይቶ ሰው ደፋሪ ይሆናል ወይ የሚለው የተለመደ ጥያቄ ነው። እንዲህ ቀጥ ያለ መስመር ማስመር አይቻልም፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ድራማውን አይቶ ማንንም ሳይነካ ይኖራል። ተጽዕኖው የሚበረታው ፈራጁ ላይ ነው። ፈራጅ ስል ካባ የለበሰውን ብቻ አይደለም። ልጇ አልቅሳ የነገረቻት እናት፣ ቃል የሚቀበለው ፖሊስ፣ ‹‹ልጁ እኮ ይወዳታል›› የሚለው ጎረቤት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የደረሰባት ነገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ ያልገባት ልጅ ራሷ ናት ፈራጅ። ፍቅር እንዲህ ነው ተብሎ ስታይ ያደገችው ነገር ሲደርስባት፣ ወንጀል ነው ለማለት አንደበቷ ይያዛል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች 63 በመቶው ባል ሚስቱን ቢያንስ በአንድ ምክንያት ቢመታት ተገቢ ነው ብለው መልሰዋል፤ ከወንዶቹ እንዲያ ያሉት 28 በመቶ ናቸው። ይህን ቁጥር ቴሌቪዥን አልፈጠረውም። ነገር ግን ማታ ማታ የሚቀርበው ድራማ እየተዘራ ያለው በዚህ መሬት ላይ ነው።

ተቃራኒውም ይሠራል። ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በሬዲዮ የተላለፈው ባለ 257 ክፍል ድራማ ‹‹የቀን ቅኝት›› የተጠለፈችን ልጅ ታሪክ ይዞ ነበር፤ እሷ ግን ጠላፊዋን ወድዳ አልቀረችም፣ ነፃ ወጥታ የመረጠችውን ነው ያገባችው። ከአድማጮች በሺዎች የሚቆጠር ደብዳቤ ጎርፏል። ልብ አንጠልጣይነቱ አልቀነሰም፤ የሰው ልብ የሚሰቀለው በሩ እንዴት እንደሚቆለፍ ለማየት ብቻ አይደለም፣ እንዴት እንደሚከፈት ለማየትም ነው።

የፍቅር ድራማዎቹ ፈጽሞ የማያሳዩት ነገር በማግስቱ ያለውን ነው። በእውነተኛው ሕይወት ከሌሊቱ በኋላ የመጀመሪያው ጉዳይ ሰዓት ነው። የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት የሚሠራው በ72 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ በቶሎ ሲሆን ይሻላል። ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያም እስከ አምስት ቀን ድረስ ሊሠራ ቢችልም ሰዓቱ በገፋ ቁጥር አቅሙ ይቀንሳል። ልብስ አለማጠብ፣ ከተቻለም ሳይታጠቡ መሄድ፣ የለበሱትን በወረቀት ከረጢት ይዞ መሄድ ለማስረጃ ይጠቅማል። ታጥባ የሄደች ሴትም ቢሆን ‹‹አለቀ›› ተብላ መመለስ የለባትም፤ ሕክምናውም ክሱም ይቀጥላል። አዲስ አበባ ውስጥ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙን፣ ፖሊሱንና ዐቃቤ ሕጉን በአንድ ጣሪያ ስር ያሰባሰበ ማዕከል አለው፤ አንዲት ልጅ አንዱን ታሪክ በየቢሮው ደጋግማ እንዳታወራ ታስቦ የተቋቋመ ነው። ለየካ ክፍለ ከተማ ነዋሪ በቅርብ ያለው ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል ዳግማዊ ምኒልክ ነው፤ በሌሊት እዚያው ሄዶ የመጀመሪያውን ሕክምና መጠየቅ ይቻላል። ቤት መመለስ ለማትችል ደግሞ እንደ ሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ያሉ መጠለያዎች አሉ።

አንድ ያልተዘጋ ነገር ይቀራል። አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ሲተረጉም ‹‹ከጋብቻ ውጭ›› የሚል ሐረግ አለው። ስለዚህ ባል ሚስቱን ቢያስገድዳት በዚህ አንቀጽ አይከሰስም። ድራማዎቿ እንዲህ የተወቀሱባት ታይላንድ ተመሳሳይ ሐረግ ከሕጓ ያወጣችው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ እዚያ ባልም በመድፈር ይጠየቃል። እኛ አገር ጠላፊው ያገባት ልጅ ለጠለፋው ልትከሰው ትችላለች። ድራማው በሚያልቅበት ሠርግ ማግስት ለሚሆነው ግን ሕጉ እስካሁን መድፈር የሚል ስም አልሰጠውም።